የደብረ ብርሃን የጎዳና ሙዚቀኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተማችን መሀል ስለሚጫወቱት ሰዎች እንግዳውም ነዋሪውም የሚጠይቀው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

መንገድ ላይ የሚጫወቱት እነማን ናቸው?

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ማሲንቆ የያዙት አዝማሪዎች ናቸው። ሙያው ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ግጥሙን እዚያው ፊታችሁ ቆመው ይፈጥሩታል፤ ልብሳችሁን፣ ቁመታችሁን፣ አብሯችሁ ያለውን ሰው እያዩ።

ሁለተኛዎቹ ጂፓስ የሚባለውን ስፒከርና ማይክ ይዘው የሚዘፍኑ ናቸው። ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። አንዳንዱ ኪቦርድ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ከፍላሽ በሚለቀቅ ሙዚቃ ላይ ይዘፍናል። ሦስተኛዎቹ ክራር ወይም ጊታር ያነገቱ ወጣቶች ናቸው። እነዚህ ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ።

ከእነዚህ ውጭ ለታማሚ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሙዚቃ የሚከፍቱ አሉ። የእነሱ ጉዳይ ለየት ስለሚል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የትና መቼ አገኛቸዋለሁ?

መናኸሪያ አካባቢ ማንኛውም ቀን፣ ገበያው አካባቢ ደግሞ ቅዳሜ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ከተማዋን መሀል ለመሀል ስለሚያቋርጣት መንገደኛ አይጠፋም። መንገደኛ ባለበት ማሲንቆ አለ።

ሰዓቱን ብርዱ ይወስነዋል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ አለ፤ በዚያ ሰዓት ጣት እንኳን ማሲንቆ ሊነካ የጋቢ ጫፍ መያዝም ያቅተዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ከሦስትና አራት ሰዓት ጀምሮ ፈልጓቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግድግዳ ተጠግተው ታገኟቸዋላችሁ።

ጥርና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ባታገኟቸው አይግረማችሁ። የሠርግ ወቅት ነው። ጥሩ አዝማሪ በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ምን ይሠራል?

ምን ዓይነት ዘፈን ይጫወታሉ? የምፈልገውን ጠይቄ ማዘፈን እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች ጎዳናው ላይ ይሰማሉ። ትዝታ ግን ያመዝናል። ብቻዋን መስኮት አጠገብ የተቀመጠች መንገደኛ ካለች ትዝታ እንደሚመጣ ቀድሜ መናገር እችላለሁ።

መናኸሪያ ውስጥ ግን የዘፈኑ ምርጫ ዝም ብሎ አይደለም። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አውቶቡስ ስር ቆሞ ስትመለከቱት መጀመሪያ የሚያየው ታፔላውን ነው። ደሴ የሚል ከሆነ አምባሰል ወይም ባቲ ያነሳል፤ ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸውና ወሎዬው መንገደኛ መስኮቱን ይከፍታል። መሀል ሜዳ የሚል ከሆነ ወደ መንዝ ዜማ ይዞራል። ቀጥሎ ረዳቱን ያያል። ረዳቱ "ሞልቷል፣ እንሂድ!" ካለ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ እናም መግቢያውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ውዳሴው ይገባል። "ባለ ነጭ ሹራቧ" ብሎ ይጀምራል። ባለ ነጭ ሹራቧ ዞር ካለች አለቀላት።

ዘመን አመጣሽ ዘፈን ከፈለጋችሁ ወደ ባለ ጂፓሶቹ ሂዱ።

ስንት ልስጥ? እንዴትስ ነው የሚሰጠው?

ዋጋ የለውም፤ የሰጡትን ነው። በእኔ ግምት ቆም ብሎ ለሰማ 10 ብር ነውር የለውም። ዘፈን መርጣችሁ ካዘፈናችሁ ወይም ግጥም ተቀበል ካላችሁ ግን 50ም 100ም ማለት ያባት ነው። ሰው አቁሞ ሩብ ሰዓት አዘፍኖ አምስት ብር መወርወር ያሳፍራል።

አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው ብሩን ግንባር ላይ መለጠፍ መንገድ ላይም ይደረጋል፤ የሚወደው አለ፣ የማይወደው አለ። እጁ ላይ ማስጨበጥ ወይም ፊቱ የተነጠፈው ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ማንንም አያስከፋም። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ስትሰጡ የብሩን መጠን በቃል ንገሩት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን እሱ ያስተውላታል።

ዝርዝር የለኝም ማለት ድሮ ይሠራ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ግን ስልክ ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጽፎ ጂፓሱ ላይ የሚለጥፍ በዝቷል። ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ያረጋግጥላችሁ።

ሳልጠይቀው አወደሰኝ። መክፈል ግዴታዬ ነው?

ግዴታ አይደለም። ፈገግ ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው እየሳቁ ሰምቶ፣ ጓደኛ ጠርቶ አሰምቶ፣ ከዚያ ኪስ ሲዳበስ ነው። ያኔ ውዳሴው ወደ ነቆራ ይዞራል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሊመጣባችሁ ይችላል፦

ደብረ ብርሃን ብርዱ እጅን ይቆረጥማል፣
ሰው ከኪሱ እጁን ማውጣት ያቅተዋል።

ሲሰሙት ስለ አየሩ ነው የሚያወራው። ዙሪያችሁን የቆመው ሰው ግን ማን ቋጣሪ እንደተባለ ገብቶታል፤ እየሳቀ ያለውም በእናንተ ነው። መቆጣት አያዋጣም፤ የተቆጣ ሰው ሁለተኛ ግጥም ይደርሰዋል፣ እሷ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ትብሳለች። ከሳቁ ጋር መሳቅና አንድ ነገር ሰጥቶ መሄድ ነው።

ግጥም መስጠት ፈራሁ። እንዴት ነው የሚደረገው?

ጎዳናው ላይ ካለው ነገር ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። "ተቀበል!" ትላላችሁ። ማሲንቆው ዝግ ይላል። የመጀመሪያዋን ስንኝ ትናገራላችሁ፤ መዝፈን አይጠበቅባችሁም። እሱ ስንኟን በዜማ ይደግማታል። ሲደግማት ለእናንተም ሁለተኛዋን ለማሰብ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከዚያ ሁለተኛዋን ትሰጡታላችሁ፣ እሱም አጋጥሞ ይዘፍናታል።

አጭር አድርጉት። የተለመደው ልክ በአንድ ስንኝ ሁለት እኩል ሐረግ ነው፤ ቤት መምታት አለበት። ለምሳሌ አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ቢል ይበቃል፦

መኪናው ሊነሳ ረዳቱ ሲጣራ፣
ልቤን አስቀመጥኩት ከማሲንቆው ጋራ።

ምንም ሰምና ወርቅ የለውም፣ ግን ይዘፈናል። ረዘም ያለ ወይም ቤት ያልመታ ከሰጣችሁትም አትጨነቁ፤ ጎበዝ አዝማሪ ቃሉን ቆርጦ፣ አንዱን አጥፎ ወደ ልኩ ያመጣዋል። እንዲያውም ልምድ ያለውን ከጀማሪው የምለየው በዚህ ነው። ጀማሪው የሰጣችሁትን እንዳለ ይደግመዋል፤ አንደበቱ የተሳለው ግን የእናንተን አሻሽሎ የእናንተ አስመስሎ ይመልሰዋል። ሰውም የሚያጨበጭበው ለእናንተ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ፦ በቦታው የሌለ ሰው የሚሰደብበትን ግጥም አትስጡ። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ደግሞ ፈጽሞ። እናንተ ተሳፍራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቃሉ የወጣው ከእሱ አፍ ነውና ዱላው ቢመጣ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ማሲንቆው አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው። ለምንድን ነው በየደቂቃው የሚያስተካክለው?

አውታሩ አንድ ይሁን እንጂ አንድ ፀጉር አይደለም፤ ተሰብስቦ የታሰረ የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። የማዕዘን ሳጥኑ ደግሞ በቆዳ የተወጠረ ነው። ጭራውም ቆዳውም እርጥበት ይፈራሉ። ክረምት ላይ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል፤ ጭራው ይረዝማል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ቡና ከምታፈላው ሴትዮ ምድጃ አጠገብ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆዳውን የሚያሞቅ ሰው ካያችሁ ቆዳው እስኪወጠርለት እየጠበቀ ነው።

በጋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደረቁ ነፋስ ቆዳውን ያከረዋል፣ ድምፁ ይሰላል፤ ከበዛ ቆዳው ይሰነጠቃል። ደጋኑን በሙጫ ማሸቱ ደግሞ ድምፅ እንዲወጣ ነው፤ ያለ ሙጫ ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጮህም። ስለዚህ ሲያስተካክል ታገሱት። ጣቶቹንም ተመልከቱ፤ አውታሩን እንጨት ላይ አይጫኑትም፣ አየር ላይ ነክተውት ነው ድምፁን የሚያገኙት።

ይሄ ልመና ነው ወይስ ሥራ?

ሥራ ነው። ሠርግ ላይ ሲጫወት ከያኒ፣ መናኸሪያ ላይ ሲጫወት ለማኝ የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ሰውየው ያው፣ ማሲንቆው ያው።

ንቀቱ የቆየ ነው። አዝማሪን እየናቁ በአዝማሪ መወደስ ግን የማይጠላው ባላባት ብዙ ነበር። ያም ሆኖ የአዝማሪ ቃል ምን ያህል እንደሚፈራ ጠላትም ያውቀው ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ከጠንቋይና ከባሕታዊ ጋር አዝማሪዎችም ተይዘው እንዲገደሉ አድርጓል። ከገበያ ገበያ እየዞሩ ወሬና ግጥም የሚያደርሱ ሰዎች ለገዥ አይመቹም።

የሚለምንም አለ፣ አልክድም። ጂፓስ ከፍቶ ሳይዘፍን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይቻለሁ። ለእሱም መስጠት ትችላላችሁ፤ ያ ግን ምጽዋት ነው።

ጎህ ሳይቀድ በር ላይ የሚዘፍኑት ላሊበላዎችስ? ከእነዚህ ጋር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ላሊበላዎች መሣሪያ አይዙም፣ ቀን መሀል ከተማ ላይም አይቆሙም። ፀሐይ ሳትወጣ ደጅ ለደጅ ዞረው፣ ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጣርተው ስለሚመጡ በስማችሁ ተጠርታችሁ ብትነቁ አትደንግጡ። ሲሰጣቸው ይመርቃሉ። ካልተሰጣቸው ደግሞ የሚሉትን ብትሰሙት ይሻላል፣ ግጥሙ ጥሩ ነው።

ይህን ካልሠራን ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ነው የሚዞሩት የሚባል አለ፤ የቆየ እምነት ነው። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን እንጂ በዘር የሚወርድ አይደለም። ስለዚህ ከእነሱ የሚያስሸሽ ነገር የለም።

ሆያ ሆዬና አበባየሆሽስ?

እሱ የልጆች በዓል ነው። ወንዶቹ ነሐሴ 13 ለቡሄ፣ ሴቶቹ ለእንቁጣጣሽ። ድሮ ሙልሙል ይሰጥ ነበር፣ አሁን ብር ነው የሚጠበቀው። ዝርዝር አዘጋጁ።

በጾም ይጫወታሉ?

በሁዳዴ ብዙዎቹ አይጫወቱም። አዝማሪ ቤቶችም በዚያን ጊዜ ይቀዘቅዛሉ። ለአንድ የመንገድ ሙዚቀኛ 55 ቀን ያለ ገቢ መቀመጥ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ወደ ገጠር ቤተሰቡ ይሄዳል፣ አንዳንዱ የቀን ሥራ ይይዛል። ወደ ምስጋናና ወደ ንስሐ ግጥም የሚዞርም አለ። በገና የሚደረድር ሰው ካገኛችሁ ጊዜው ያ ነው፤ አሥር አውታር ያለው በገና ግን የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ "ተቀበል" አይባልበትም።

ለቅሶ ሲያልፍ ደግሞ ጾም ይሁን ፍስክ ማሲንቆው ዝም ይላል። ጂፓሱም መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ጎረቤት ባለ ሱቅ ወጥቶ ያስዘጋዋል።

እኔም ክራር እጫወታለሁ። መሀል ከተማ ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ክራርህን ብቻ ይዘህ ከሆነ በአብዛኛው የሚያጋጥምህ የቦታ ጥያቄ ነው። ደንብ አስከባሪዎች የሚጠይቁህ እግረኛ ዘጋህ አልዘጋህም፣ ባንክ በር ላይ ቆምክ አልቆምክም የሚለውን ነው። ቀድመህ ቀበሌውንና የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደህ አነጋግር፤ የተጻፈ ነገር ካገኘህ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ዙር። መታወቂያም አይርሳህ። በዚህ ጊዜ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው መሀል ከተማ ሰው ሲሰበስብ ፀጥታ ኃይል ዝም ብሎ አያይም።

ከሕጉ በላይ ግን ሰዎቹ አሉ። የመናኸሪያው በር የአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ቦታ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ሄደህ ክራር ብትመታ ማንም አይከስህም፤ ግን ነውር ነው። ሰላም በለው፣ ጋሼ ብለህ አስፈቅደው፣ ሌላ ቦታ ይጠቁምሃል። ምናልባትም አብረን እንጫወት ይልህ ይሆናል፤ ማሲንቆና ክራር ደግሞ ይስማማሉ። ከተቻለ ባለ ሱቆቹንም ተግባባቸው። ዝናብ ሲመጣ መጠለያህ የእነሱ በረንዳ ነው።

ጂፓስ ይዘህ ከመጣህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከታች ስለ ጂፓስ ጩኸት ያለውን አንብብ።

የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን መንገድ ላይ ብዘፍን ያስጠይቃል?

በሕጉ ፊት፣ አዎ፣ ሊያስጠይቅ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት መከወንን ከባለቤቱ መብቶች አንዱ ያደርገዋል። መብቱ አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872፣ ደግሞ የሮያሊቲ አሰባሰብን አስገብቷል።

መናኸሪያ ላይ ለአሥር ብር የሚዘፍንን ሰው ፍርድ ቤት ያቆመ ድምፃዊ አላየሁም። ግን ቀድተህ በስምህ ዩቲዩብ ላይ ከጫንከው ነገሩ ይቀየራል። ከልምድ የምመክረው የሀገረሰብ ዜማ ይዘህ ግጥሙን ራስህ እንድትገጥም ነው። ሰውም የሚቆመው ስለ እሱ ሲዘፈን እንጂ ሬዲዮ ላይ የሰማውን ሲደገምለት አይደለም።

ሲጫወት ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ልለቀው?

ጠይቁት። ይኸው አዋጅ ከዋኝንም ይጠብቃል፤ ክዋኔውን መቅዳትና ለሕዝብ ማሰራጨት የእሱን ፈቃድ ይፈልጋል። ለራሳችሁ ማስታወሻ አንድ ሁለት ደቂቃ መቅረጽ ሌላ፣ ፔጅ ለማሳደግ መቅረጽ ሌላ።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። አንድ አዝማሪ ዙሪያ አሥር ስልክ ተዘርግቶ ጨርቁ ላይ ሁለት ሳንቲም ሲቀመጥ ታያላችሁ። ቪዲዮው ብዙ ሰው ያየዋል፤ ግጥሙን የፈጠረው ሰው ስሙ እንኳን ከታች አይጻፍም። ቢያንስ ስሙንና ቴሌብር ቁጥሩን ለመጻፍ አስፈቅዱት፤ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። እምቢ የሚልም አለ። መንገድ ላይ መጫወቱን ቤተሰቡ እንዲያውቅ የማይፈልግ ወጣት ብዙ ነውና እምቢ ካለ ስልካችሁን መልሱ።

ሱቄ በር ላይ ጂፓስ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ውጡና አናግሩት። ድምጹን ቀንስ ከማለት "ወንድሜ፣ ስፒከሩን ወደ አስፋልቱ አዙርልኝ" ማለት ይሻላል፤ ወዲያው ያደርገዋል። ሁለት ሰዓት እዚህ፣ ሁለት ሰዓት እዚያ ብላችሁ ከአጎራባች ሱቆች ጋር መስማማትም ይቻላል።

ካልሆነ ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይጨምራል። የአገሪቱ የድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ማታ 55 ዴሲቤል ነው። አንድ መካከለኛ ጂፓስ ሙሉ ድምፁ ሲከፈት ይህን በቀላሉ ያልፋል። አቤቱታው ወደ ቀበሌና ወደ ደንብ አስከባሪ ይሄዳል። ግን ሚዛን ይኑረን፤ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ የሚለቀውን የልብስ ሱቅ ዝም ብሎ ዓይነ ስውሩን ዘፋኝ ብቻ መክሰስ ትክክል አይመስለኝም።

"ለሕክምና እርዱን" እያሉ ሙዚቃ የሚከፍቱትን እንዴት ልመን?

ከሁሉም አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። እውነተኛው ብዙ ነው። ኩላሊትና ልብ ታሞ ቤት ንብረቱን ሸጦ የጨረሰ ቤተሰብ ሌላ ምን ያድርግ? በሰው ፎቶ የሚነግድም ግን አለ።

የምታዩት ይህን ነው። የሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ ማኅተም ያለበት፣ ከቀበሌ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቀኑ ያላለፈ። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ባነሩ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። የባንክ ሒሳቡ በታማሚው ወይም በቅርብ ቤተሰብ ስም ይሁን፤ ሣጥን ብቻ ካለና ሒሳብ ቁጥር ከሌለ ተጠራጠሩ። ታማሚው የት ክፍል እንደተኛ፣ ማን እንደሚያስታምመው ጠይቁ። እውነተኛ ቤተሰብ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ እንዲያውም ቆሞ ይነግራችኋል፣ ስልክ ደውሎ ያገናኛችኋል። የሚቆጣውንና "ካልሰጠህ እለፍ" የሚለውን እለፉት። ልባችሁ ካልረጋ ደግሞ ብሩን ሣጥን ውስጥ ከመክተት ሒሳቡን ፎቶ አንስታችሁ፣ ቤት ገብታችሁ አጣርታችሁ ላኩ።